የልብ ሕሙማንና አዲስ የመድኃኒት ሙከራ፦ ምን እንጠይቅ? ከምን እንጠንቀቅ?

  

በዛሬው ፕሮግራማችን የምናነሳው ጉዳይ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃ፣ በሸቤና በሌሎችም፣ ብዙ ቤተሰብ በዝምታ የተሸከመው ጉዳይ ነው። እርሱም የልጆችና የወጣቶች የልብ ሕመም ነው። የቡና ለቀማ ሲደርስ እኩዮቿ ቅርጫት ይዘው ዳገቱን ሲወጡ እሷ መሀል መንገድ ላይ ቁጭ የምትል ልጅ በየሰፈራችን አለች። አንዳንዱ «ሰነፍ ናት» ይላል፤ አንዳንዱ «ዐይን በልቷት ነው» ይላል። እናት ደግሞ «ልጄ ባል አታገኝም» ብላ ትደብቃታለች። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ከጅዳ ወይም ከዱባይ ዘመድ ይደውልና «ለልብ በሽታ አዲስ መድኃኒት እየተሞከረ ነው፣ ልጅቷን እናስመዝግባት» ይላል። ወይም በሆስፒታል የክትትል ቀን አንድ ባለሙያ ቀርቦ «በጥናት ላይ ትሳተፋላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ቤተሰቡ ግራ ይገባዋል። ይህ መዳኛ ነው ወይስ መሞከሪያ መሆን? ሃይማኖታችንስ ምን ይላል? እንግዲህ ዛሬ ይህንኑ በአላህ ፈቃድ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

በሽታው ከጉሮሮ ይነሳል

በአገራችን ወጣቶችን በብዛት የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ተሕዋስ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም ነው፤ በተለምዶ ቶንሲል የምንለው። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። የጉሮሮው ሕመም በወቅቱ ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ክርን የሚዘዋወር የመገጣጠሚያ ሕመም ይነሳል። ተሕዋሱን ለመዋጋት የተነሳው የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን ልብ ይወጋል። ይህ ሲደጋገም ደም የሚያሳልፉትና የሚዘጉት የልብ በሮች፣ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው፣ ይጠብባሉ ወይም ያፈስሳሉ። ልጁ ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ቆይቶ ከዚያ ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ማበጥና የልብ መምታት ይጀምረዋል።

መከላከያው ግን ቀላል ነው። ጉሮሮውን የታመመ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ እንጂ እንጥል ማስቆረጥ አይደለም። በሽታው ልብ ውስጥ ከገባም በኋላ እንዳይባባስ በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚወጋ የፔኒሲሊን መርፌ አለ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ሀብታሞቹ አገሮች የረሱት በሽታ

ይህ በሽታ በአውሮፓና በአሜሪካ ዛሬ ብርቅ ሆኗል። ኑሮ ሲሻሻል፣ ቤት ሲሰፋ፣ ፔኒሲሊን በቀላሉ ሲገኝ በሽታው ከነዚያ አገሮች እየጠፋ ሄደ። እኛ ዘንድ ግን ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በጅማ አካባቢ ገጠር ከ6 እስከ 25 ዓመት የሆናቸውን 987 ልጆችና ወጣቶች ተንቀሳቃሽ በሆነ የልብ አልትራሳውንድ (ሐኪሞች ኢኮ የሚሉት ነው) መርምሮ፣ 37ቱ በእርግጠኝነት በሽታው እንዳለባቸው አግኝቷል። ከተመራማሪዎቹ መካከል ግብፃዊው ስመ ጥር የልብ ቀዶ ሐኪም መግዲ ያዕቁብ ይገኙበታል። ከመቶው ወደ አራት የሚጠጋ ማለት ነው። በአንድ ትልቅ የቁርኣን ትምህርት ቤት መቶ ልጆች ተቀምጠው ሲቀሩ በዓይነ ሕሊናችን እንያቸው።

አገራችንን ጨምሮ በ14 አገሮች 3343 ሕሙማንን የመዘገበ ሌላ ጥናትም ነበር። ከነዚህ ሕሙማን አብዛኞቹ ወጣቶችና ሴቶች ነበሩ። በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ ከመቶው 17 የሚሆኑት ሞተዋል። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ታዲያ ነገሩን አስተውሉ። ለመድኃኒት ምርምር ገንዘብ ያላቸው አገሮች በሽታው የላቸውም፤ በሽታው ያለባቸው አገሮች ገንዘቡ የላቸውም። በዚህም ምክንያት ለዚህ ሕመም የሚደረጉ የሕክምና ሙከራዎች ጥቂት ናቸው። ጥቂት በመሆናቸውም አንዱ ወደ አገራችን ሲመጣ በእውቀት መቀበል ወይም በእውቀት አለመቀበል የኛ ድርሻ ይሆናል።

ሙከራ ምን ጠቅሟል?

የሕክምና ሙከራ ማለት አንድ ሕክምና ይጠቅም ወይም ይጎዳ እንደሆነ በፈቃደኛ ሰዎች ላይ በሥርዓት የሚደረግ ማመዛዘን ነው። ብዙውን ጊዜ ተሳታፊዎች በዕጣ በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን አዲሱን ሕክምና ያገኛል፤ ሌላው የተለመደውን፣ አንዳንዴም መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ክኒን ያገኛል። ዕጣው ሐኪሙ ለሚወደው ሰው እንዳያዳላ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለኛ ባዕድ አይደለም። አቡበክር አር-ራዚ ከሺህ ዓመት በፊት ደም በማፍሰስ ያከሟቸውን ሕሙማን ሆን ብለው ሳያፈሱ ከተዋቸው ጋር አነጻጽረው ጽፈዋል። ኢብኑ ሲናም (980–1037) መድኃኒት የሚፈተንበትን ደንብ በ«አል-ቃኑን» መጽሐፋቸው ዘርዝረዋል፤ በእንስሳ ላይ የታየ ውጤት ለሰው በቂ ማስረጃ እንደማይሆንም አስጠንቅቀዋል።

በዘመናችን ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። የመጀመሪያው በኡጋንዳ ሰሜናዊ ክፍል የተደረገ ነው። ምልክት ያላሳየ፣ በኢኮ ብቻ የተገኘ የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 818 ልጆች በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ ለሁለት ዓመት በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ተወጉ፤ ሌሎቹ በክትትል ብቻ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ መርፌ ካገኙት 399 ልጆች የባሰባቸው 3 ብቻ ሲሆኑ ካላገኙት 400 ደግሞ የባሰባቸው 33 ነበሩ። ከዚህ ጥናት በፊት «ገና ምልክት ላላሳየ ልጅ መርፌው ይጠቅማል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አስተማማኝ መልስ አልነበረም። ዛሬ መልሱ ያለው እነዚያ የኡጋንዳ ወላጆች ልጆቻቸውን ስላመጡ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም ኖሮባቸው የልብ ምታቸው የተዛባ ሰዎች ደማቸው እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ዋርፋሪን አስቸጋሪ መድኃኒት ነው፤ በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል። ሪቫሮክሳባን የተባለ አዲስ መድኃኒት ግን ይህን ምርመራ አይፈልግም። ብዙዎች አዲሱ ይሻላል ብለው ጠበቁ። በ24 አገሮች፣ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ፣ ከ4500 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ግን የበለጠው አሮጌው ዋርፋሪን ሆነ። አዲሱን ከወሰዱት መካከል የሞቱት በልጠው ተገኙ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛ፣ «አዲስ» ማለት «የተሻለ» ማለት አይደለም። ሙከራ የሚደረገው መልሱ ስላልታወቀ ነው። ሁለተኛ፣ ያ ሙከራ ባይደረግ ኖሮ ብዙ ሕሙማን በቅን ልቦና ወደ አዲሱ መድኃኒት ተዛውረው በተጎዱ ነበር።

ሸሪዓችን ምን ይላል?

መታከም ከተወኩል ጋር አይጣላም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ ለበሽታ ሁሉ፣ ከእርጅና በቀር፣ መድኃኒት ያወረደለት መሆኑንም ነግረውናል። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልተማመን ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰውም አስቀድሞ እንዲያስር መክረውታል። ዱዓና ሩቅያ ሰበብ ናቸው፤ መርፌና ክኒንም ሰበብ ናቸው። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

በምርምር ላይ መሳተፍን በተመለከተ ደግሞ በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ባደረገው ሰባተኛ ጉባኤ ውሳኔ አሳልፏል። የውሳኔው ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ለሕክምና ምርምር የሙሉ አቅመ አዳም ሰው ፈቃድ ግዴታ ነው። ፈቃዱ እንደ እስረኛ በመገደድ ወይም እንደ ድሀ በገንዘብ በመደለል የተገኘ መሆን የለበትም። በምርምሩም ጉዳት ሊደርስበት አይገባም።

አካዳሚው አቅማቸው ባልተሟላ ሰዎች ላይ ግን በሞግዚት ፈቃድም ቢሆን ምርምርን አልፈቀደም። ከምሁራን መካከል ለልጁ ለራሱ ጥቅም የሚያስገኝ ሕክምናን ለሌላው ብቻ ከሚጠቅም ሙከራ የሚለዩ አሉ። በመሆኑም ጉዳዩ የልጅ ሲሆን ወላጅ ሐኪሙን «ይህ ጥናት ለልጄ ለራሱ ምን ይሰጠዋል? ባይገባ ምን ይቀርበታል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን ይዞም ወደሚያምነው ዓሊም ይሂድ። ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ፣ ዓሊሙ ስለ ሐላልና ሐራሙ ይናገር። አንዱ በሌላው ቦታ አይግባ።

ጥርጣሬው ከየት መጣ?

«ፈረንጅ እኛን መሞከሪያ ሊያደርገን ነው» የሚለው ፍርሃት ከባዶ የተነሳ አይደለም። በአሜሪካ ቱስኬጊ በምትባል ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 የቂጥኝ ሕመም የነበረባቸው ጥቁር ወንዶች ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ ሳይሰጣቸው እንዲቆዩ ተደርጓል። በ1996 ደግሞ በሰሜን ናይጄሪያ፣ ሙስሊሞች በሚበዙባት በካኖ፣ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረ ጊዜ አንድ ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ በ200 ሕፃናት ላይ ሙከራ አደረገ፤ አዲሱ መድኃኒት ለግማሾቹ ተሰጠ። ወላጆች «በቅጡ አልተነገረንም» ብለው ከሰሱ፤ ጉዳዩ ለዓመታት ተጓትቶ በካሣ ስምምነት ተቋጨ።

የካኖ ነገር በዚያ አላበቃም። እምነት ከጠፋ በኋላ በ2003 የፖሊዮ ክትባት በዚያ አካባቢ ተቋረጠ። በሽታው ከናይጄሪያ ተነስቶ ወደ ሌሎች አገሮች ዘለቀ፤ በሱዳን በኩልም ወደ አገራችን ገብቶ ልጆችን አሽመደመደ። ስለዚህ አማና ያጎደለ ተመራማሪ የሚጎዳው ፊቱ የቆመውን ሕፃን ብቻ አይደለም። ሁሉን በጥርጣሬ የሚዘጋ ሕዝብም የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። መፍትሔው መጠየቅ ነው።

ዛሬ በአገራችን አንድ የመድኃኒት ሙከራ ከመጀመሩ በፊት የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊመረምረው፣ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ሊፈቅደው ይገባል። አገራችን በዚህ አዲስ አይደለችም። መድኃኒት ለተለማመደ የሳንባ ነቀርሳ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋውን ሕክምና ወደ ዘጠኝ ወር ለማሳጠር በአራት አገሮች በተደረገው ታላቅ ሙከራ፣ ውጤቱም በ2019 በወጣው፣ የኢትዮጵያ ሕሙማን ተሳትፈዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም የራሱ የሕክምና ሙከራ ክፍል አለው።

እንዴት ይገኛል?

የመጀመሪያው በር የክትትል ካርድ ነው። በኢኮ ያልተመረመረና በካርድ ያልተመዘገበ ሕመምተኛን ማንም ጥናት አያገኘውም። ስለሆነም ልጁን ያስመርምሩ፤ የኢኮ ውጤቱን፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ መርፌ የወሰደበትን ቀን በአንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጡ። ከዚያም ሐኪሙን «ለዚህ ሕመም በአገራችን የሚደረግ ጥናት አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው በር መዝገብ ነው። ሙከራዎች ለሕዝብ ክፍት በሆኑ መዝገቦች ይመዘገባሉ። አንዱ መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ የሆነው የመላ አፍሪካ የሕክምና ሙከራዎች መዝገብ ነው፤ ሌላው እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካ መንግሥት ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ነው። ሁለቱም በነፃ ይታያሉ። በቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ ካለ የበሽታውን ስምና «ኢትዮጵያ» የሚለውን ጽፎ ይፈልግ። ሙከራው ሰው እየተቀበለ ነው ወይስ ተጠናቋል የሚለውንም ይመልከት። ይሁን እንጂ በመዝገብ ላይ መገኘት ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም። ያየነውን ወደ ሐኪም ይዘን እንሂድ።

ከዚህ ይልቅ ብርቅ የሆኑ የልብ ሕመሞችም አሉ፤ በዘር የሚወረስ የልብ ጡንቻ መወፈር ለምሳሌ። ለዚህ ሕመም ማቫካምተን የተባለው መድኃኒት በ13 አገሮች በ251 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2022 በአሜሪካ ተፈቅዷል። እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ጥቂት ሰው ስለሚፈልጉ መስፈርታቸው ጠባብ ነው፤ ክትትላቸውም በየጊዜው መመላለስን ይጠይቃል። ስለዚህ ከውጭ ስልክ ስለተደወለ ብቻ የቡና ማሳ ሸጦ መነሳት አይገባም። አስቀድሞ የሕክምና ማስረጃው ለጥናቱ ባለቤቶች ተልኮ መስፈርቱን ማሟላቱ በጽሑፍ ይረጋገጥ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። «ሙከራው ውስጥ እንድትገቡ ይህን ያህል ብር ክፈሉ» የሚል ሰው ከመጣ ተጠንቀቁ። በደንቡ የሚሠራ ጥናት የሚሞከረውን መድኃኒት አይሸጥም፤ ለመመዝገቢያም ደላላ አያስፈልገውም። በመስጊድ በር ለሕመምተኛ ሶደቃ የሚሰበስቡ ወንድሞችም ገንዘቡ ከመሰጠቱ በፊት የሆስፒታሉን ወረቀት ይመልከቱ።

ሙከራ የቀዶ ሕክምና ምትክ አለመሆኑንም እናስታውስ። በሩ የተበላሸ ልብ የሚጠብቀው ቀዶ ሕክምና ከሆነ፣ ወረፋው ላይ ይመዝገብ። በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሳሽነት በ1989 የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ማዕከሉን ከፍቷል። ወረፋው ረጅም ነው፤ ያልተመዘገበ ግን ከወረፋውም የለም።

ከመፈረም በፊት

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ብድር ስንበዳደር እንድንጽፈውና ምስክር እንድናቆም አዝዞናል። ለገንዘብ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ ለልባችንስ? የፈቃድ ወረቀቱ በሚገባን ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ይነበብልን። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያምነውን ምስክር ይዞ ይቅረብ። ወረቀቱን ቤት ወስዶ ከቤተሰብ ጋር መምከር መብት ነው። የሚከተሉትንም እንጠይቅ፦

ጥናቱን ማን ፈቀደው? የሚሞከረው ምንድን ነው? በዕጣ ሌላው ወገን ቢደርሰኝ ምን አገኛለሁ? ከዚህ በፊት የታየ ጉዳት አለ? ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ያሳክመኛል? የትራንስፖርት ወጪዬ ይሸፈናል? ጥናቱ ሲያበቃ መድኃኒቱ ይቀጥልልኛል? በመሀል ብወጣ የወትሮው ሕክምናዬ ይቋረጣል? ለመጨረሻው ትክክለኛው መልስ «አይቋረጥም» ነው። ሌላ መልስ ከሰማችሁ አትፈርሙ።

እኛ ሙስሊሞች የምንጨምረው ጥያቄም አለ። መድኃኒቱ ወይም ሽፋኑ ከአሳማ የተሠራ ነው ወይ? ሌላ አማራጭስ አለው? በረመዳን ሰዓቱ እንዴት ይሆናል? ማንም ሕመምተኛ በረመዳን የልብ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ ሸሪዓ ለታመመ ሰው ማቅለያ ሰጥቷል። ለሐኪሙም የምንወስደውን ሁሉ እንናገር፤ ጥቁር አዝሙዱንም፣ የባሕል መድኃኒቱንም፣ ጫቱንም ጭምር። በተለይ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ዋግምት ቢደረግለት ደሙ ላይቆም ይችላል።

ለእህቶቻችንም አንድ ቃል አለን። ዋርፋሪን በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ብዙ ሙከራዎችም እርጉዝ ሴት አይቀበሉም። ስለዚህ ጋብቻም ሆነ እርግዝና የምታስብ ሕመምተኛ አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር። ከባለቤቷና ከወላጆቿ ጋር መምከሯ መልካም ነው፤ ፈቃዱና ፊርማው ግን የራሷ ነው። አካላቷ አማናነቱ በእሷ ላይ ነውና።

ውድ አድማጮቻችን፣ በጥናት ውስጥ ላለመግባት የወሰነ ሰው ኃጢአት የለበትም። ጠይቆ፣ ተረድቶ፣ ለራሱም ለሌላውም ሕመምተኛ ጥቅም ብሎ የገባ ሰው ደግሞ ኒያው ካማረ ምንዳውን ከአላህ ይከጅላል። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ያ የተደበቀ ልጅ ከጓዳ መውጣቱ ነው። የመድረሳ ኡስታዞች፣ ደጋግሞ ጉሮሮውን የሚታመምና መገጣጠሚያው የሚያብጥ ደረሳ ስታዩ ለወላጁ ንገሩ። ኢማሞች፣ ከጁሙዓ በኋላ ስለ ወርኃዊው መርፌ አንድ ቃል ጣሉ። ጎረቤቶች፣ ልጅቷን ለመርፌ የሚያደርሳት ሰው ሲጠፋ እናንተ አድርሷት።

አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማኖቻችንን ይማርልን፤ ለሐኪሞቻችን እውቀትና አማና ይስጣቸው፤ ለቤተሰቦቻችን ሶብር ይወፍቃቸው። አሚን።